«ወይራ ነው» ያልኩት ቁጥቋጦ

ዛሬ የማወጋችሁ በግቢያችን ስለነበረ አንድ ቁጥቋጦ ነው። «ቁጥቋጦ ደግሞ ምን ወግ አለው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ብሆን ያ ቁጥቋጦ እናቴን ሆስፒታል እስካስተኛት ድረስ የሚወራለት ነገር አይመስለኝም ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ከኖርንበት ጠባብ ቤት ወጥተን በአዲስ አበባ ዳርቻ ግቢ ያለው ቤት ተከራየን። ከወሎ ያመጣኋት እናቴ ከቤቱ ሁሉ የወደደችው አፈሩን ነበር። ገና ዕቃው ከመኪና ሳይራገፍ ጫማዋን አውልቃ፣ በእግሯ እየዳበሰች፣ ጎመኑንና ጤና አዳሙን የምትተክልበትን ቦታ ለካች። በዓይኗ ሳይሆን በእግሯ የለካችው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ከተጋረዱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ብርሃንና ጥላ ትለያለች፤ ሰውን በድምፁ ታውቃለች።

ከበሩ በስተቀኝ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ደረት የሚደርስ አንድ ቁጥቋጦ ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ክፉኛ ከርክመውት ስለሄዱ አበባ የሚባል አልነበረበትም። ከግርጌው ብዙ ቀጫጭን ዘንጎች ቀጥ ቀጥ ብለው ወጥተዋል። ቅጠሉ ረዘም፣ ቀጠን፣ ጠንከር ያለ ጥቁር አረንጓዴ ነው። የተቆረጡት ቅርንጫፎች ደግሞ በአጥሩ ጥግ ተከምረው ደርቀዋል።

በዚያው በገባንበት ዕለት የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ «አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ትከሻዬ ላይ ሣጥን ነበር። ቆም ብዬ እንኳ አላየሁትም። «ወይራ ነው» ብዬው አለፍኩ።

አላውቀውም ነበር። ወሎ ተወልጄ ወይራን አለማወቄ ለማውራት ያሳፍራል። እውነቱ ግን ይህ ነው። በልጅነቴ ለትምህርት ከተማ ገባሁ፤ ወይራን የማውቀው የወተት ዕቃ ሲታጠንበት በጭሱ፣ ከመስጊድ በር ሲገዛ በመፋቂያው ነው። ቅጠሉን ይዤ አገላብጬ አይቼ አላውቅም። ታዲያ «አላውቅም» ማለት ምን ነበረበት? ሣጥኑ ከብዶኝ ነው እንዳልል ሁለቱም እኩል አጭር መልስ ናቸው። ልጅ አባቱ ሁሉን የሚያውቅ ሲመስለው ደስ ይላል፤ ያንን ደስታ ላለማጣት ይመስለኛል።

ረመዳን መጋቢት 24 ቀን ገባ። እናቴ ያለ መፋቂያ ውዱእ ያደረገች አይመስላትም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሚስዋክን ምን ያህል ይወዱ እንደነበር ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነውና አልሞክረውም። በጾም ወቅት ግን ከዙህር በኋላ መፋቂያ አትነካም፤ ያደገችበት የሻፊዒይ መዝሀብ ለጾመኛ ከቀትር በኋላ የተጠላ ነው ስለሚል ድርሻዋን ጠዋት ጠዋት ታደርሳለች። መፋቂያዋን የምትሸጥላት መስጊድ በር የምትቀመጥ አንዲት ሴት ነበረች። ያን ሰሞን ሴትየዋ ለቀናት ከቦታዋ ጠፋች።

በረመዳን ስምንተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቴ መፋቂያ ማጣቷን ስታነሣ ልጄ ሰማ። አያቱን በኺድማ ማስደሰት የሚወድ ልጅ ነው። ቢላዋ ይዞ ወጣ። ከቀጫጭኖቹ ዘንጎች አንዱን ቆርጦ፣ ቅጠሉን አራግፎ፣ ጫፉን ልጦ አመጣላት።

«ከየት አገኘኸው የኔ ጌታ?» አለችው።

«ከግቢያችን ነው እምዬ። ወይራ ነው። አባዬ ነው የነገረኝ።»

እናቴ በልጅነቷ ወይራ ሥር ከብት የጠበቀች ሴት ናት። ቅጠሉን በዓይኗ ብታየው ኖሮ በሁለት እርምጃ ርቀት ትለየው ነበር። የቀረበላት ግን የተላጠ እንጨትና የልጇ ቃል ነው። የልጇን ቃል አመነች።

«ይህስ ምን ያለ መራራ ወይራ ነው!» ስትል ከመኝታ ቤት ሰምቻታለሁ። ወይራም ይመራልና ብዙ አልተጠራጠረችም። ጾመኛ ስለሆነች ምራቋን እየተጠነቀቀች ተፋች፣ አፏን ተጉመጠመጠች፣ ከንፈሬን ደነዘዘኝ ብላ ተወችው። ከዙህር በኋላ ሆዷን ቆረጣት። ከዚያ ማስመለስ ጀመራት። ለአስር ሶላት ልትነሣ ስትል ዓይኗ ዞረና ግድግዳውን ተደገፈች። ሮጬ እጇን ስይዛት የደም ሥሯ አንድ ጊዜ ይመታል፣ ይቆያል፣ ደግሞ እንደገና ይመታል። ያ አላህ! እንዲያ ያለ ምት ነክቼ አላውቅም።

ሆስፒታል የተቀበለን ወጣት ሐኪም ነበር። ምን እንደበላች ጠየቀኝ። ከሱሑር ወዲህ ምንም አለመቅመሷን፣ ሱሑሩንም ሁላችንም ከአንድ ትሪ መብላታችንን ነገርኩት። የልብ ምት መቅጃውን አስሮ ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ አየ። ልቧ በደቂቃ 46 ጊዜ ብቻ ነበር የሚመታው፤ እሱም እየተቆራረጠ።

«ዲጎክሲን የሚባል የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«የለም። ልቧን ታማም አታውቅ።»

ይህን ጊዜ ከኋላዬ ልጄ «መፋቂያው ይሆን?» አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከእኛ ሁሉ ያሰበው እሱ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ዞሮ «የምን መፋቂያ?» አለ። «የወይራ» አልኩት። «ወይራ እንዲህ አያደርግም። ወይራ ለመሆኑ እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። «ወይራ ይመስላል» አልኩ። አሁንም ድረስ ጆሮዬ ላይ ያለው የመለሰልኝ መልስ ነው። «የሚመስለውን አይደለም የጠየቅሁዎት፣ ስሙን ነው። ቶሎ ይሂዱና ቅጠል ያለበትን ቅርንጫፍ ያምጡልኝ። በባዶ እጅዎ አይንኩት፤ በፌስታል ይያዙት።»

ልወጣ ስል እናቴ ጠራችኝ። ነርሷ ከሰል የመሰለ ጥቁር መድኃኒት በብርጭቆ በጥብጣ ይዛለች። መርዙን ሆድ ውስጥ ይዞ እንዳይሰራጭ የሚያደርግ ነው። እናቴ «ለመግሪብ ስንት ቀረው?» አለችኝ። ከሁለት ሰዓት በላይ ይቀረው ነበር። የታመመ ሰው በሌላ ቀን ቀዷ እንደሚያወጣ እሷ ራሷ ለስንቱ ስታስተምር የኖረች ሴት፣ ያንን ብርጭቆ ስታይ አለቀሰች። ነርሷ ክርስቲያን ነበረች፤ ያን ሰሞን እነሱም ሁዳዴ ላይ ናቸው። «እኔም ጾመኛ ነኝ እናቴ» አለቻት። «ጾም እንዴት እንደሚያሳሳ አውቃለሁ። እርስዎ ግን ዛሬ ይጠጡ።» እናቴ ቢስሚላህ ብላ ጠጣች።

ቤት ደርሼ እጄን በፌስታል ጠቅልዬ አንድ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። ከበር ስወጣ ጎረቤታችን ሐጂ ወደ መስጊድ ሲሄዱ ተገናኘን። ሐጂ ጅዳ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረው የተመለሱ ሰው ናቸው። ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ዓይናቸው እጄ ላይ ቀረ።

«ዲፍላውን ለምን ትቆርጠዋለህ?» አሉኝ።

«ምን አሉት ሐጂ?»

«ዲፍላ ነዋ! ጅዳ የመንገዱ ዳር ሁሉ እሱ አይደል። ሲያብብ ሮዝ ነው፣ ነጭም አለው። ውኃ ቢጠማው አይሞት፣ ፀሐይ አይበግረው። አረቦቹ ግን ከብትና ግመል አያስጠጉትም። መርዝ ነው።»

የሆነውን በሦስት ቃል ነገርኳቸው። ኪሳቸው የነበረውን ደረሰኝ አውጥተው በጀርባው ላይ ስሙን በአረብኛ ጻፉልኝ። «ሐኪሙ ይህን ይፈልገው። ሂድ፣ ዱዓ እያደረግሁ ነው» አሉኝ።

ሆስፒታል ስመለስ የእህቴ ልጅ ቅርንጫፉን በስልኩ ፎቶ አነሣ። የተክል ስም የሚያወጣ ፕሮግራም ጭኖ ኖሯል። ስልኩ ሦስት ስም ደረደረ፤ አንዱ ዘይቱን ነበር። እንደ እኔ ያለ ስልክ ነው፤ አላውቅም አይልም። ሐኪሙ ግን ሐጂ የጻፉትን ቃል አስገብቶ ሲፈልግ ወዲያው ኦሊያንደር የሚለውን አገኘ። ስሙን በሕክምና ትምህርት ቤት ያውቀው ነበር፤ ተክሉን ግን አይቶት አያውቅም። ኦሊያንደር ከቅጠል እስከ ሥር፣ ከአበባ እስከ ፍሬ፣ ደርቆም ቢሆን መርዝ እንደሆነ፣ መርዙም ከዲጎክሲን ጋር አንድ ዓይነት ጠባይ ስላለው ልብን እንደሚያዘገይና እንደሚያዛባ አስረዳኝ። ስሙ ከታወቀ በኋላ የሚጠብቀውን አወቀ። ደሟ ውስጥ የፖታሲየሙን መጠን ደጋግሞ አስለካ፣ አትሮፒን ሰጣት፣ ሌሊቱን ሙሉ ከልብ መከታተያው እንዳትለይ አዘዘ። በበለጸጉት አገሮች ለዚህ መርዝ የሚሰጥ ማርከሻ እንዳለ፣ ዋጋው ግን የማይቀመስ መሆኑንም አልደበቀኝም። «ጾም ባይሆኑ ኖሮ ምራቃቸውን ይውጡት ነበር» አለኝ። «የዋጡት ጥቂት ነው።»

ያን ሌሊት ኮሪደሩ ላይ ስቀመጥ አእምሮዬ ውስጥ ሲመላለስ ያደረው የኢማም ማሊክ ነገር ነው። ከሩቅ አገር ድረስ ብዙ ጥያቄ ይዘው የሚመጡባቸው ያ ታላቅ ዓሊም፣ ለአብዛኛው ጥያቄ «አላውቅም» ብለው መመለሳቸውን በልጅነቴ ቁርኣን ቤት ሰምቻለሁ። ያኔ ትሕትና መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ቃል ከአፋቸው ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ ያውቁ ነበር። የኔ ቃል ከጥር እስከ ሚያዝያ ግቢው ውስጥ ቆይቶ በልጄ እጅ እናቴ አፍ ውስጥ ገባ።

አልሐምዱሊላህ፣ በሦስተኛው ቀን ምቷ ተስተካከለ። በአራተኛው ቤቷ ገባች።

ልጄ ግን አልዳነም። አያቱ አጠገብ አይደርስም፣ ምግብ አይበላም። «እኔ ነኝ የገደልኳት» ሲል ለእናቱ ነግሯታል፤ ሴትዮዋ ደግሞ በሕይወት ተቀምጣ ሾርባ ትጠጣለች! አንድ ማታ ከተራዊህ ስንመለስ መንገድ ላይ ያዝኩት። «ወይራ ነው ያልኩህ እኔ ነኝ። አላውቀውም ነበር። ዋሸሁህ» አልኩት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ታዲያ ወይራው የቱ ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ሁለታችንም ወደሚያውቅ ሰው ሄድን።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ ብሔራዊ ሐርባሪየም የሚባል ቦታ አለ። ከኢትዮጵያ ማዕዘናት የተሰበሰቡ ዕፅዋት ደርቀው፣ በወረቀት ላይ ተሰፍተው፣ ስማቸውና የተገኙበት ቦታ ተጽፎባቸው የሚቀመጡበት ነው። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በስምንት ቅጽ የዘረዘረው መጽሐፍ የተሰናዳው በዚህ ቤት ነው፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 አለቀ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው። ለአንድ ቅጠል ስም ለመስጠት ሣጥን ከትከሻዬ ያላወረድኩት ሰው ይህን ስሰማ አንገቴን ደፋሁ።

ያነጋገሩን ባለሙያ የኛን ቅርንጫፍና ከሌላ ያመጡትን እውነተኛ የወይራ ቅርንጫፍ ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። ለኔ ምንም አላሉኝም፤ ልጄን ነው ያናገሩት። «መጀመሪያ ቁጠር» አሉት። «ከአንዱ አንጓ ስንት ቅጠል ወጣ?» ከወይራው ሁለት፣ ፊትና ጀርባ ሆነው። ከኛው ግን ሦስት ሦስት፣ ዘንጉን እንደ ቀለበት ከበው። «አሁን ገልብጠው» አሉት። የወይራው ቅጠል ከሥሩ ወርቅማ ቡናማ ነው፣ ዝገት የነካው ይመስላል። የኛው ከሥሩም አረንጓዴ ነው፣ ፈዘዝ ያለ ብቻ። የመሃል ሥሩም ወፍራምና ነጣ ያለ ሆኖ ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል፤ ከሱ ግራና ቀኝ ክር የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች ተጠጋግተው ይወጣሉ። አበባ ቢኖረው ደግሞ የሚያከራክር አልነበረም። የወይራ አበባ ነጭና ጥቃቅን ነው፤ የዚህኛው አምስት ቅጠል ያለው ትልቅ አበባ ነው። የወይራ ፍሬ ሲበስል ጥቁር ሆኖ ወፍ ይለቅመዋል፤ የዚህ ፍሬ ግን ረዥም ቀጭን ቆባ ሆኖ ሲሰነጠቅ ጸጉራም ዘሩን ነፋስ ይወስደዋል።

ስሙን ካርል ሊኔየስ የሚባል የስዊድን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1753 ኔሪየም ኦሊያንደር ብሎ መዘገበው አሉን። አገሩ የሜዲትራኒያን ዳርቻና ከዚያ ወዲህ ያለው የእስያ ምድር ነው፤ ወደኛ የመጣው ለጌጥ ነው። ልጄን ያስደነቀው ግን ሌላ ነው። የዚህ መርዘኛ ቁጥቋጦ ዘመድ አጋም ነው! ያ ልጆች ከንፈራቸው እስኪጠቁር የሚበሉት አጋም። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ለቀስታቸው መርዝ የሚያወጡበት ዛፍም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ወይራችን ደግሞ በፊናው አላህ በቁርኣን የማለበት የዘይቱን የቅርብ ዘመድ ነው። «በመልክ የሚመሳሰሉት ሁለቱ ባዳ ናቸው፤ የማይመሳሰሉት ዘመድ ናቸው» አሉት ባለሙያው። ልጄ ይህን ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ስንሰናበት «በአጥሩ ጥግ የደረቀ ቅርንጫፍ አለ» ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። «እንዳታቃጥሉት። ጭሱም መርዝ ነው» አሉ። ሱብሐነላህ! ለባለቤቴ ስልክ ስደውል ድምፅዋ ጠፋ። ደረቁን «ወይራ» ለቅማ፣ በገመድ አስራ፣ ለዒድ ቤት ላጥንበት ብላ ማድ ቤት አስቀምጣው ኖሯል። ለዒድ የቀረው አሥር ቀን አይሞላም ነበር።

ነቀልነው። አከራዩ ስለ ተክሉ ያለው ቃል እንደሌለ ሲጠየቅ «ለውበት የተተከለ ነው» ብቻ አለ። በእሱም ብዙ አልፈርድም፤ የተከለው ሰው ሌላ ነው፣ ስሙን የነገረው የለም። ወፍራም ጓንት አድርገን፣ ቅጠሉን እስከ አንድ ለቅመን፣ ሥሩን ቆፍረን አወጣን። ደረቁንም እርጥቡንም ጎመኑ ከሚተከልበት ራቅ አድርገን በጥልቅ ጉድጓድ ቀበርነው። ቢላዋውንም ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ በከተማው ውስጥ የማላየው ቦታ የለም፤ በሆቴል በር፣ በመንገድ አካፋይ፣ በሰው አጥር ላይ ሮዝና ነጭ ሆኖ አብቦ ቆሟል። ቆንጆ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሁሉ ይነቀል አልልም። ልጅና ከብት ባለበት ግቢ ግን እኔ አላስቀምጠውም፤ ያለው ሰውም ቢያንስ ስሙን ለቤተሰቡ ይንገር።

ባለሙያው በወተት ማሸጊያ ላስቲክ የበቀለ የወይራ ችግኝ ሰጥተውን ነበር። ልጄ በዚያው ስፍራ ሳይሆን ከጓሮ በኩል ተከለው። በየጊዜው ቅጠሉን እየገለበጠ ቡናማነቱን ያያል። በቅርቡ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ የበቀለ ቢጫ አበባ ያለው ተክል አሳይቶ ስሙን ጠየቀኝ። «አላውቅም» አልኩት። ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ።

እናቴ የሳተችውን ጾም በሸዋል ቀዷ አወጣች። ዓይኗም በቀጣዩ ዓመት በቀዶ ሕክምና ተገለጠላት። መፋቂያ ሻጯም ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። አሁን ግን እናቴ የተላጠ እንጨት አትገዛም። ቅጠሉ ያልተነሣበት እንዲሆን ትጠይቃለች፣ አንዱን ቅጠል ትቀነጥስና ገልብጣ ወደ ብርሃን ታነሣዋለች። ሴትየዋ «ኧረ እማማ፣ እኔን አያምኑኝም እንዴ?» ስትላት፣ እናቴ ወደኔ ዞር ብላ ታየኛለች።